ተራ ቁጥር ሰባት

ዳኛዬን ሰው ሲያማቸው እሰማለሁ። «ልጅቷ ዘመዳቸው ነበረች» የሚል አለ። «አርጅተው ተምታቶባቸው ነው» የሚልም አለ። ይባስ ብሎ ዓይኑን ጠቅሶ «የሆነ ነገር ቀምሰዋል» የሚል አይጠፋም። ምላሱ ይቆረጥ። ሃያ ሁለት ዓመት ከቢሯቸው በር ፊት ለፊት ተቀምጬ መዝገባቸውን የያዝኩት፣ ፍርዳቸውን የተየብኩት፣ መነጽራቸው ሲጠፋባቸው የፈለግኩት እኔ ነኝ። የሆነውን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። እሳቸው አይናገሩም። እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ብናገር ምን ይመጣብኛል? ምንም። ያኔም ቢሆን ይሄን ያህል የሚመጣብኝ ነገር አልነበረም፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ጠበቆች ከጀርባቸው «ዛሬውኑ» ይሏቸዋል። ቀጠሮ የሚባል ነገር ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። ጠበቃ ተነስቶ ደንበኛዬ ስለታመመ ሌላ ቀን ይሰጠን ብሎ ሲጀምር፣ ከላይ እስከ ታች ያዩትና አንተ ጤነኛ ትመስላለህ፣ እንግዲህ አንተ ተናገር ይሉታል። ችሎቱ ይስቃል፣ እሳቸው አይስቁም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ይገባሉ። መዝገብ የሚያነቡት ቆመው ነው፤ ተቀምጬ ካነበብኩ እንቅልፍ ያታልለኛል ይላሉ። ቁጡም ናቸው ታዲያ። የመዝገብ ገጽ ተገልብጦ ከተሰፋ እስከ ምሳ ሰዓት አያናግሩኝም። ባለቤታቸው፣ አስተማሪ ናቸው፣ ስልክ ሲደውሉ «እስኪ በእኔም ስም መዝገብ ክፈቺልኝና አቅርቢልኝ፤ ያኔ ያዩኝ ይሆናል» ይሉኝ ነበር። እየቀለዱ ነው፣ ግን ቀልዱ ውስጥ ምሬት ነበረበት።

ይሄ የቀጠሮ ጥላቻ ከየት እንደመጣ አንድ ቀን ብቻ ነግረውኛል። አባታቸው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ካርቦን ወረቀቱን እያስተካከሉ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ እየጫኑ ነው ያደጉት። አንዲት ባልቴት ለአንድ ክፍል ቤት ዘጠኝ ዓመት ተመላልሰዋል። በየቀጠሮው አባትየው ማመልከቻ ይጽፉላቸዋል፣ ባልቴቷ ይመርቃሉ፣ ይሄዳሉ። ፍርዱ የተነበበ ዕለት ስማቸው ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የሚመልስ ጠፋ። አባትየው ገብተው፣ ሴትዮዋ ባለፈው ወር አርፈዋል ብለው ተናገሩ። ባልቴቷ ለካ ረትተው ነበር። ልጅየው ከበር ላይ ሆኖ ይሄንን ሰማ፣ በቃ፣ የዳኝነት ትምህርቱን ያኔ ጨረሰ ማለት ይቻላል።

የቀረው የምስክር ወረቀቱን መሰብሰብ ነበር። ቀን ቀን ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት መዝገብ እያመላለሱ፣ ማታ ማታ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ዓመት ተማሩ። የማታ ተማሪ በኋላ በር ነበር የሚገባው፣ የፊተኛው በር ለእነሱ አይከፈትም። ዐቃቤ ሕግ ሆኑ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ዳኛ፣ ከዚያ እኛ ጋ መጡ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ያው ዩኒቨርሲቲ የቦርድ አባል እንዲሆኑለት ደብዳቤ ጻፈ። እናንተዬ፣ ያን ቀን ያየሁትን ደስታ ሰርጋቸው ላይ እንኳን ያዩ አይመስለኝም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በማግስቱ አዲስ ኮት ገዝተው መጡ፣ የእጅጌውን ቁልፍ እየነካኩ «የተማርኩበት ቤት ጠራኝ» አሉ። ያን ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ የፊት ጥርሳቸው መሐል ክፍተት እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው።

አሁን የቦርዱን አሠራር ልንገራችሁ፣ የእኔ ጉድ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቦርዱ በሦስት ወር አንዴ ይሰበሰባል። በመሐል አጣዳፊ ነገር ሲኖር ግን ስብሰባ አይጠራም። የቦርዱ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤውን እንደተወሰነ አድርጎ ጽፎ በሹፌር ይልከዋል፣ አባላቱ በየቢሯቸው አንድ በአንድ ይፈርማሉ። በዙር የሚፈረም ይባላል። ሹፌሩ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በር ላይ ይቆማል፣ ገና አራት ቤት ይቀረኛል ይላል። ዳኛዬ በሁለት ችሎት መሐል ናቸው። ስለዚህ እኔ አነበዋለሁ፣ ያለውን በሁለት ቃል እነግራቸዋለሁ፣ የሚፈርሙበት ቦታ ላይ በእርሳስ ትንሽዬ መስቀል አደርጋለሁ፣ ይፈርማሉ፣ ሹፌሩ ይዞ ይሮጣል። ኮፒ ማንሻው ምድር ቤት ስለሆነ ኮፒ አናስቀርም። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ችግር አልገጠመንም። ምስክር መሐላ ፈጽሞ የተናገረውን እንኳን እንዲሁ የማይቀበሉ ሰው፣ የእኔን የእርሳስ ምልክት ያምኑ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጥርሴ ሦስተኛ ቀኑን ይዞኛል። ጉንጬ አብጦ ዓይኔ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ለአራት ሰዓት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለኝ፣ ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል፣ ሹፌሩ በር ላይ ቁልፉን ያንቀጫቅጫል። ወረቀቱ አራት ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ፤ የመምህራን እድገት፣ የማይክሮስኮፕ ግዢ፣ የአጥር ጥገና። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንዲሁ ገለጥኳቸው። አራተኛው ላይ መስቀሌን አድርጌ ገባሁ። ዳኛዬ እንደ ልማዳቸው ቆመው መዝገብ ያነባሉ። ዓይናቸውን ሳያነሱ ምን አለው አሉኝ። የተለመደው ነው አልኳቸው። ፈረሙ። ቀና ብለው ጉንጬን አዩና ይሄን ጥርስ ተነቀይውና ቤትሽ ግቢ፣ ዛሬ እንዳትመለሺ አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ተራ ቁጥር ሰባት የአንዲት የሕክምና ተማሪን መባረር የሚያጸና ነበር።

አምስት ወር አለፈ። ተማሪዋ መጣች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ልጅ አይደለችም። ስምንት ዓመት በነርስነት ሠርታ ነው ሕክምና ለመማር የገባችው፤ አምስተኛ ዓመት ላይ ደርሳ፣ ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት ነው ያባረሯት። የፈተና ወረቀቷ ከአጠገቧ ከተቀመጠው ልጅ ወረቀት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ሳታውቅ የገለበጥኩት እኔ ነኝ ብሎ በጽሑፍ አምኖ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ጠፋ ተባለ። እሷ ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤ ስትጽፍ አንድ ዓመት ተኩል አለቀ። ጠበቃ የላትም። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ደግሞ ሁለት ዓመት ከትምህርት ገበታ የራቀ ተማሪ መልሶ አይመዘገብም፣ የተማረው ሁሉ ይሰረዛል ይላል። እኛ ጋ ስትመጣ ስድስት ወር ነበር የቀራት። የአመልካቾች መስኮት ላይ ቆማ ይሄንን ስትነግረኝ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፣ እንዲያው የሌላ ሰው ታሪክ የምትናገር ነው የምትመስለው።

የግቢው ጥበቃዎች «ሐኪሟ» አሏት። ተራዋን ስትጠብቅ የአንዱን ጥበቃ እግር አይታ፣ ይሄ እብጠት ከጫማ አይደለም፣ ዛሬ ሆስፒታል ሂድ ብላው፣ ሰውዬው ሄዶ ለትንሽ ነው የተረፍከው ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ያመጡላት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ዳኛዬ ችሎት ላይ ተቀምጠው፣ መዝገቡን ከመክፈታቸው በፊት የዩኒቨርሲቲው ቦርድ አባል መሆናቸውን ተናገሩ። ይሄ ጉዳይ በቦርዱ በኩል አልፎ ከሆነ ተነስቼ ለሌላ ዳኛ አስተላልፋለሁ፣ ተቃውሞ ያለው ይናገር አሉ። ልጅቷ የለኝም አለች፤ ይሄ መዝገብ ቶሎ እንዲታይ ብቻ ነው የምፈልገው አለች። የዩኒቨርሲቲው ነገረ ፈጅ ተነሳ። ይሄን ሰው እኛ «ለስላሳው» ነው የምንለው፣ ሲናገር ቅቤ ነው የሚያንጠባጥበው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የተማሪ ዲሲፕሊን ወደ ቦርድ አይመጣም። ተቃውሞ የለንም» አለ።

ያንን ቃለ ጉባኤ አርቅቆ ያጻፈው ራሱ ነው። ልጅቷ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የጻፈችውን አቤቱታ ዞር አድርጎ በዙር ከሚፈረመው ወረቀት ውስጥ የሸጎጠው ራሱ ነው። ለእሷ የደረሳት ደብዳቤ «ዩኒቨርሲቲው ወስኗል» ከማለት በቀር ቦርድ የሚል ቃል የለበትም። ነገሩን በሆዱ ይዞ ተቀመጠ። ከረታ ዝም ይላል፣ ከተረታ ያወጣዋል። እንዲህ ያለውን ሰው እናቱ ምን አብልታ አሳደገችው?

እሱን እዚህ ስረግም የራሴን እንዳልረሳ። ዳኛዬ ለስላሳውን አምነው አልተቀመጡም። ከችሎት ሲወጡ ጠሩኝና የቦርዱን ማህደር አንድ በአንድ እይልኝ፣ ስለዚች ልጅ የተጻፈ መስመር ካለ ዛሬውኑ መዝገቡን እመልሳለሁ አሉኝ። ማህደሩን አወረድኩ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎቹን ሁሉ አንድም ሳላስቀር አየሁ። የለም። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው ወረቀት ውል ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ለቦርዱ ጽሕፈት ቤት አንድ ስልክ ብደውል፣ በዙር ያስፈረማችሁትን ላኩልኝ ብል ያልቅ ነበር። ግን አጥርና ማይክሮስኮፕ ውስጥ የተማሪ ጉዳይ ምን ይሠራል ብዬ ለራሴ መለስኩለት። ገብቼ የለም አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፍርድ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ሌላ ቦታ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን በአራት ወር ጨረሱት። ጠፋ የተባለውን ደብዳቤ ለማግኘት የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ራሳቸውን አስጠሩ። ሰውዬው ደብዳቤ አላየሁም አሉ። የገቢ ደብዳቤ መዝገብዎን ይዘው ይምጡ ተባሉ፣ ነገ አሉ፣ መኪና አለዎት? ተባሉ፣ አዎ አሉ፤ እንግዲህ ዛሬ አሉ ዳኛዬ። ከሰዓት በኋላ መዝገቡ መጣ። የልጁ ደብዳቤ በቀንና በቁጥር ተመዝግቦ፣ የኃላፊው ፊርማ ተደርጎበታል። ኃላፊውን ላብ አጠመቃቸው። ለስላሳው ጣራ ጣራውን ያይ ነበር።

ፍርዱን አርባ ደቂቃ አነበቡት። መባረሩ እንዲሰረዝ፣ ተማሪዋ ባለችበት ዓመት እንድትመዘገብ። ሁለት ወር ይቀራት ነበር። ሐኪሟ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ቆማ «አሁን መመዝገብ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀች። ዳኛዬ ይችላሉ አሏት። ኮሪደር ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እኔ ወጥቼ አቀፍኳት። ጥበቃዎቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ሞኟ በሕይወቴ አንድ ደህና ነገር ውስጥ እጄ አለበት ብዬ ቤቴ ሄድኩ።

በአምስተኛው ቀን ይግባኝ ተጠየቀ፣ በሰባተኛው ቀን ፍርዱ እንዳይፈጸም እግድ ወጣ። የይግባኙ ኮፒ በእኔ እጅ ነው የገባው። አባሪ አንድ የሚል ወረቀት አለው። አራት ገጽ። መጨረሻው ላይ የዳኛዬ ፊርማ፣ ከፊርማው አጠገብ ደግሞ በኮፒው ላይ ደብዘዝ ብላ የወጣች ትንሽዬ የእርሳስ መስቀል። ሦስተኛውን ገጽ ገለጥኩ፤ ተራ ቁጥር ሰባት። መነሳቴ ትዝ አይለኝም፣ ወንበሬ ግን ወድቆ ነበር።

ወስጄ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀመጡ። ወረቀት ይዘው ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጣታቸውን መስቀሏ ላይ አደረጉ።

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ፊርማው የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው አለቀ። ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

የሰጡኝ ትእዛዝ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ስጦታ ነበር፤ እኔም ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩት።

የይግባኙ ችሎት ሦስት ዳኞች ናቸው። ለስላሳውን ለምን መጀመሪያ አልተናገርክም አሉት። ወረቀቱ ሌላ ክፍል ስለነበር ያገኘሁት በኋላ ነው አለ። አላመኑትም፣ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ግን ምን ያድርጉ? በአንድ ጉዳይ ቀድሞ ፈርሞ የወሰነ ሰው በዚያው ጉዳይ ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ አይችልም፣ ተቃዋሚ ቢኖርም ባይኖርም። ፍርዱ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ተቆጠረ። ልጅቷ እውነት ይኑራት አይኑራት አልመረመርንም፣ ሌላ ዳኛ እንደ አዲስ ይየው ብለው መለሱት። ሕጉ እንደዚያ ነው። ዳኛዬ ራሳቸው ቢሆኑም እንደዚያ ነበር የሚወስኑት፣ ነግረውኛል።

አዲሱ ዳኛ መዝገቡን ተቀብለው ለአራት ወር ቀጠሩት። ሁለቱ ዓመት በመሐል ሞላ። የምዝገባው ሳምንት ሐኪሟ በየቀኑ መዝጋቢው መስኮት ጋ ሄዳ ትቆም ነበር አሉ፣ አርብ ማታ እስኪዘጋ። ማንም አላናገራትም፣ እሷም ማንንም አላናገረችም።

ዳኛዬ አልተኙም። ለቦርዱ ባለ ስድስት ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው፣ ሁለቱ ዓመት ክርክሩ የወሰደውን ጊዜ ሳይጨምር ይቆጠርላት ብለው ለመኑ። ለመኑ ነው የምላችሁ። ለሰው አንገታቸውን ደፍተው የማያውቁ ሰው «በትሕትና እጠይቃለሁ» የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ አስገቡ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። በጉዳዩ ላይ የጥቅም ግጭት ስላለብዎት ሐሳብዎን ቦርዱ ሊያየው አይችልም። መልሱን የላኩት በዚያው በሐሙሱ ሹፌር ነው። ዳኛዬ አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ በማግስቱ ከቦርዱ ለቀቁ። አዲሱን ኮት ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ቀጥሎ የዳኞች ዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠራቸው። ሳያነቡ ፈርመዋል? አዎ። ወረቀቱን ማን አቀረበልዎት? ሹፌሩ። ይዘቱን የነገረዎት ሰው ነበር? የለም። እኔንም ጠሩኝ። ረጅም ጠረጴዛ ነው፣ ውሃ አቀረቡልኝ። በዚህ ጉዳይ የአንቺ ሥራ ምን ነበር አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እኔ ወረቀት ተቀብዬ ከማስገባትና ከማስወጣት በቀር ምንም የማውቀው ነገር የለም አልኳቸው። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ሰበብ ነው። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም። ማስጠንቀቂያ ሰጧቸው። ከባድ ቅጣት አልነበረም፣ ሰውዬው ግን እሱን ይዘው ችሎት የሚቀመጡ አልሆኑም፤ ያን ዕለት መልቀቂያቸውን ጻፉ። ሃያ ስምንት ዓመት የፈረዱበትን ወንበር ትተው ሲወጡ ሸኚያቸው እኔና ያ እግሩ አብጦ የነበረው ጥበቃ ነበርን። አዲሱ ዳኛ ደግ ናቸው ይባላል፣ ቀጠሮ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣሉ። የሐኪሟን መዝገብ ሦስት ጊዜ ቀጠሩት፤ ከዚያ እሷ መምጣት ተወች፣ ከሳሽ ባለመቅረቧ ተዘጋ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ባለቤታቸው ደወሉልኝ። ልጅቷ የት እንደምትሠራ ያውቃሉ፣ ልሂድ እያሉ እንቅልፍ ነስተውኛል፣ እኔ አብሬ ሄጄ ማየት አልችልም፣ ልቤ አይችለውም፣ አንቺ ውሰጂያቸው አሉኝ። ወሰድኳቸው። ትንሽ ክሊኒክ ናት፣ አራት ክፍል፣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር። ነርሷን ለማናገር ብቻ ነው ብለን እንግባ አልኳቸው፣ እምቢ አሉ። ካርድ አውጥተው ወረፋ ይዘው አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጡ። ከስተዋል። መዝገብ የለ፣ ጋዜጣ የለ፣ እንዲሁ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ሲያዩ ነበር።

ስንገባ ወዲያው አወቀችን። ፊቷ አልተለወጠም። ነጭ ጋዋኗን ለብሳለች፣ ፀጉሯን አስራለች፣ ተቀመጡ አለች። ዳኛዬ አልተቀመጡም።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉ።

ካርዳቸውን ተቀብላ አየችው።

«ያን ወረቀት አላነበቡትም ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«ለምን?»

እዚህ ጋ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አልዞረም።

«ቸኩዬ» አሉ።

በሕይወታቸው አንድ ገጽ ቸኩለው ያላለፉ ሰው። አፌ ተከፈተ፣ እመኑኝ፣ ተከፍቶ ነበር። መልሼ ገጠምኩት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለን ነበር።

«አባቴ፣ መዝገቤን መጀመሪያ ቀን ለሌላ ሰው ሰጥተውልኝ ቢሆን ስድስት ወር ነበረኝ» አለች። «ቢፈርድብኝም ይግባኝ ብዬ እደርስ ነበር። እኔን የጎዳኝ እርስዎ ስለፈረዱልኝ ነው። ይሄንን ለማን እነግረዋለሁ? ሰው ይስቅብኛል።»

ዳኛዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጅጌዎን ይሰብስቡ አለቻቸው። የደም ግፊት መለኪያውን ጠቀለለችላቸው፣ ነፋችው፣ አዳመጠች፣ ፊቷን ቋጠረች፣ ደግማ ለካች።

«በጣም ከፍ ብሏል። ዛሬ መድኃኒት መጀመር አለብዎት» አለች።

«እሺ፣ ጻፊልኝ» አሉ፣ ረስተው።

«እኔ ማዘዝ አልችልም» አለች። «ነርስ ነኝ። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።»

የእጅጌያቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው፣ እሷው ቆለፈችላቸው። ወደ በሩ ሲሄዱ ወደ እኔ ዞር አለች።

«እርስዎን ግን አመሰግናለሁ» አለችኝ። «በዚያ ሁሉ ግርግር እንደ ሰው ያዩኝ እርስዎ ነዎት። አልረሳዎትም።»

ዳኛዬ በሩን ይዘውልኝ ቆመዋል። ይሰማሉ።

«ምንም አይደል፣ እናቴ» አልኳት።

ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች።